የቀዩ ሩዝ ፎቶ

ይድረስ ቬትናም ለምትማሪው ለልጄ ለገሊላ። የአገርሽ የዘመሮ ብርድ ጋብ አላለም እንጂ እኛስ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አንቺስ ጤናሽ እንዴት ነው? የበልጉ ገብስ ዘንድሮ አምሯል፤ ቡሬዋ ላምም ወልዳለች።

በሰኔ የላክሽውን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። «የአዲስ ዓመት ምግባቸው ነው» ያልሽኝን ቀይ ሩዝ ለጎረቤታችን ልጅ ለመምህር ዓምደሚካኤል አሳየሁት። በስልኩ ፈልጎ፣ ሩዙን በቀይ ፍሬ አቅልተው ለአዲስ ዓመትም ለሠርግም እንደሚያቀርቡት ነገረኝ። አዲስ ዓመታቸው ግን በየካቲት አልፏል አለኝ።

ከሩዙ ኋላ የአንድ ሽማግሌና የአንዲት ባልቴት ፎቶ ቆሟል። መምህሩ እንዳለኝ ምግቡ መጀመሪያ ለሞቱት አያቶች ይቀርባል፤ የቤቱም አዲስ ነገር ይነገራቸዋል። አንቺ ከፊታቸው በቀይ ቀሚስ ቆመሻል። ቀሚሱን ማን አሰፋልሽ? ከጎንሽ የቆመው ሰው ትከሻው ብቻ ይታያል፤ ሌላውን ማን ቆረጠው?

በስልክ ያልጠየቅሁሽ ቄስ አባትሽ አጠገቤ ስለማይጠፉ ነው። ትናንት ከገበያ ሩዝ ገዝቼ ስገባ «ይኼ ደግሞ ለማን ነው?» አሉኝ።

«ገሊላ ለእረፍት ስትመጣ ይሆናል» አልኳቸው።

«እሷ እኮ ሩዝ አትወድም» አሉ።

ገሊላዬ፣ ለሞቱት የተነገረውን ለእኛም ንገሪን። እኛ ገና በሕይወት አለን።

እመብርሃን በሄድሽበት ሁሉ ትከተልሽ።

ናፋቂሽ እናትሽ አሰጋሽ