ጋቢናው ባዶ ነው

ረጅሜ፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ቁስልህ እንዴት ነው?

መኪና ብለው ያከራዩኝን ጉድ ብታይ ስፌትህ እስኪፈታ ትስቅ ነበር። ዳገት ላይ እግረኛ ይቀድመኛል፤ መስኮቷን የምዘጋው በመዳፌ እየገፋሁ ነው። ጋቢና ማንም ሳይቀመጥ ቀበቶ ይታሰር ብላ ትጮኻለች። አከራዩ፣ «ሁሌ ሰው ያለ ይመስላታል፤ አትስማት» ብሎ ሳቀ። ባዶውን ወንበር በቀበቶ አስሬ ዝም አሰኘኋት።

ዛሬ ከሰዓት፣ የተላክሁበትን ሊፍት ጠግኜ ስመለስ ጭጋግ ዋጠኝና ሞተሩ ጠፋ። የእኛ ሰፈር ጭጋግ ቢያንስ ውሻ ይጮኽበታል፤ ይኼኛው ጭጭ ነው። ቁልፉን ልጠመዝዝ ስል «አለህ?» የሚል ቃል ከአፌ አመለጠ። ያው ልማድ ነው፤ ስንት ዓመት አብረን ስንሠራ፣ አንተ ከሊፍቱ ጉድጓድ ውስጥ «አለሁ» ሳትለኝ ማብሪያውን ነክቼ አላውቅም።

መኪናዋ አንዴ ጲጵ አለች።

ዞር ብዬ ሳይ ቀበቶው እንደታሰረ ነው። ወንበሩ ግን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ሄዷል፤ ልክ አንተ ጉልበትህ አልገባ ሲልህ እንደምትገፋው። ቁልፉን ጠመዘዝኩት። ሞተሩ ወዲያው ተነሳ።

ሆቴል ገብቼ ልደውልልህ ስልኩን አነሳሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ለዚህ ነው በፖስት ካርድ የመጣሁብህ። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ የትንሿን ልጅህን ጉንጭ ሳምልኝ። ቦታ አለቀብኝ። ካርዱ ሲደርስህ አንተው ራስህ ደውል፤ ሌላ ሰው እንዳይደውልልኝ።

አለህ?