አንድ ቁልፍ ተጭኖ ለቅሶ ስለ መድረስ

ይድረስ ለመረዳጃ እድራችን ሊቀ መንበር ለተከበሩ አቶ ሽጉጤ
ጆሃንስበርግ፣ ሐምሌ 2014 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤና እመኝልዎታለሁ፤ በተለይ የቀኝ እጅዎን አመልካች ጣት ምንም ክፉ እንዳይነካት እጸልያለሁ፤ ከኮሮና በሽታ መግባት ወዲህ የእድሩን ለቅሶ ሁሉ ብቻዋን የደረሰች እርሷ ናትና።

እንደሚያስታውሱት፣ ከተማው በተዘጋ ጊዜ ያንን ከባድ አሮጌ ኪቦርድ ከፎርድስበርግ ገዝተው መጡ። በግራ ጎኑ ያሉት ትርፍ ቁልፎች አንዴ የተሞላባቸውን ጽሑፍ ኪቦርዱ ራሱ ውስጥ ስለሚያስቀሩ፣ በአንዱ ላይ የሐዘን መግለጫ እንድሞላ አዘዙኝ፤ ሞላሁም። «በመንግሥት ክልከላ ምክንያት በአካል መምጣት ባንችልም በመንፈስ ከጎንዎ ነን» ይላል። ያኔ እውነት ነበር። መርዶ በየቀኑ ይመጣ ነበር፤ ከቤት መውጣትም ያስቀጣ ነበር። አሁን ክልከላው ተነሥቷል፤ ቁልፉ ግን አልሰማም። ስለዚህ አቤቱታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ አዲሱ ላፕቶፕ ሲገዛ ኪቦርዱን ሳይጥሉ በመቀየሪያ ገመድ ስላገናኙት ምስጋናዬ የላቀ ነው። ይሁን እንጂ ቁልፎቹን እንደገና የሚሞላው ፕሮግራም የጥንት ስለሆነ ላፕቶፑ አይቀበለውም፤ ገመዱም ፊደል ያሳልፋል እንጂ የመሙያውን ትእዛዝ አያሳልፍም። ቤቴ ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ ላስተካክለው ብዬ ስለምንዎት «የሚሠራ ነገር አይነካም» አሉኝ። እውነትዎን ነው፣ እንዴት እንደሚሠራ ቴምቢሳ ሄጄ አየሁት።

ሁለተኛ፣ አባላችን ቲቶ ቴምቢሳ ባለው ሱቁ ውስጥ እንደቆመ ወድቆ ሲሞት፣ መልእክትዎ ለባለቤቱ ለወይዘሮ ኤርጎጌ የደረሰበት ፍጥነት የሚደነቅ ነው። አስከሬኑ ገና ከሱቁ አልወጣም ነበር። እኔ ስደርስ ቤቱን የሞሉት የሰፈሩ ሰዎች፣ የአገሬው ተወላጆች ነበሩ፤ ወንበሩን ያመጡት፣ ሻዩን ያፈሉት፣ ሱቁን የዘጉት እነርሱ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ በቋንቋው ጎጎ፣ አያቴ እንደ ማለት፣ እያለ የሚጠራቸው አንዲት አሮጊት ጎረቤት «የእናንተ ሰዎች የት አሉ?» ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ ኤርጎጌ ስልካቸውን ከፍተው፣ እኛን ከሐሜት ለማዳን፣ «በክልከላ ምክንያት ነው፣ ጎጎ» አሉ። አሮጊቷ «ክልከላ?» ብለው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው የተቀመጡትን ጎረቤቶች ዞር ብለው አዩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ሐዘንተኛዋ ለእኛ ሲሉ ሲዋሹ ማየት እንዴት እንደሚያሳፍር ልነግርዎት አልችልም።

ሦስተኛውን ልተወው አስቤ ነበር። ግን በዚያው ሳምንት በልጅዎ ሰርግ ላይ እድርተኛው አንድም ሳይቀር መገኘቱን፣ የእድሩ ወንበርም ሁሉ እዚያ መዋሉን ሳልጠቅስ ባልፍ ምስጋናዬ ይጎድላል። እኔም በልቻለሁ፤ ምግቡ ጥሩ ነበር፤ አልወረደልኝም እንጂ።

ክቡር ሆይ፣ ከአገር ስንወጣ ብዙ ነገር ጥለናል። ለቅሶ መድረስን ግን አልጣልንም እያልን እንኮራ ነበር። ባዕድ የምንለው ሰው የእኛን ሐዘንተኛ ደግፎ ሲያስቀምጥ ስላየሁ፣ የዚህ እድር አባል ነኝ ለማለት አፍሬያለሁ። የማፍረው በእርስዎ ብቻ አይደለም፤ በሁላችንም ነው።

ጣትዎን ላደከምንበት ሁሉ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለክቡርነትዎ በሚገባው አክብሮት አንገቴን ደፍቼ፣ ቀና ማለትም አቅቶኝ እሰናበታለሁ።

ምሕረቱ፣ የእድሩ አባል፣ ከሂልብሮው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጸሐፊያችን ወይዘሮ በቀለች «እኔም አፍሬያለሁ፣ ውሰደው» ብለው ኪቦርዱን ትናንት ከእድሩ ቢሮ አውጥተው ስለሰጡኝ ቁልፉን እንደገና ሞልቼ መልሼዋለሁ። አሁን «ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም እንመጣለን» ይላል፣ ከሥሩም ስምዎ አለ። መሥራቱን ለማረጋገጥ በወይዘሮ በቀለች ፊት ወደ ወይዘሮ ኤርጎጌና ወደ አባላቱ ሁሉ አንዴ ላክሁት፤ ደርሷል። ወይዘሮ ኤርጎጌ ወዲያው መልሰው «እውነት ነው?» ብለው ጠይቀዋል። ለዚህ መልስ የሚሆን ቁልፍ ግን አልሞላሁም።