ሊሊና የአሥራ ሁለት ሰዓቱ መርፌ

የካቲት 21 ቀን 1975

ዛሬም ምንም የለም። ጠዋት ቀበሌው ሱቅ ወረፋ ያዝኩ፤ ስኳር አልቋል ተባልን። ከሰዓት የጎረቤቴን የገረሱን ልጅ ቀሚስ አሳጠርኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መርፌና ክር ነው ሥራዬ… ማታ ሬዲዮ።

ድመቴ ሊሊ ግን ምን ሆናለች? የራሷን ውሃ ጨርሳ ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ ስትጠጣ አገኘኋት። ትበላለች፣ ትበላለች፣ ጀርባዋ ግን እንደ መጋዝ። አርጅታ ይሆናል። ባሌ ተሾመ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በኮቱ ኪስ ይዟት የገባ ቀን «ልዕልት» ነበር ያላት። አብዮቱ ሲመጣ ማታ ማታ በር ላይ ቆሞ ልዕልት፣ ልዕልት እያለ መጣራት አስፈራውና ሊሊ አደረጋት። አረማመዷ ግን አልተለወጠም።

እሷም ከሄደች በዚህ ቤት ከእኔ ሌላ ማን ሊተነፍስ ነው?

የካቲት 24

በዘንቢል አድርጌ ከብት ሐኪሙ ጋ ወሰድኳት። አውቶቡስ ላይ አንዱ ዶሮ መስሎት በስንት ገዛሻት አለኝ። ወረፋው ላይ ሁለት አህያ፣ አንዲት ላም፣ እኔ። ሳቁብኝ።

ዶክተር ኤጀታ ግን አልሳቀም። ሆዷን ጫን ጫን አድርጎ ሽንቷን በብርጭቆ ተቀበለ፤ በሰማያዊ መድኃኒት ሲያፈላው እንደ ሸክላ ቀላ። ስኳር ነው አለኝ። ሰው ስኳር በኩፖን በሚያገኝበት ጊዜ የእኔ ድመት ስኳር በዝቶባት ታመመች… መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ እንባዬ።

ኢንሱሊን ያስፈልጋታል። ጠዋትና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በስሪንጁ ሁለት መስመር ብቻ። መጀመሪያ ምግብ፣ ከዚያ መርፌ። መድኃኒቱ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ። ፍሪጅ የለኝም አልኩት። መድኃኒቱም ከየመድኃኒት ቤቱ ጠፍቷል አለኝ። ታዲያ ምን ላድርግ?

«ስኳር ያለበት ጎረቤት የለዎትም?»

የካቲት 25

አለኝ ለካ። የቀበና ድልድይ ጋ ያለችው ባለሱቋ ረሂማ። ባሏ ሞቶባታል፤ ራሷን በመርፌ እንደምትወጋ ሰምቼ ነበር። ስንት ዓመት የገዛሁባት ሴት… ሳሙና አለ? አለ። ደህና ዋይ። ከዚህ ያለፈ ወሬ የለንም። አሁን ለድመት መድኃኒት ልለምናት?

ሱቁ ባዶ እስኪሆን ቆሜ ቆየሁ። ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ፣ በጣም ይጠማታል ወይ አለችኝ። አዎ። ሌሊት ትነሳለች? አዎ። ምስኪን አለች፣ እንደ ሰው።

ወንድሟ አብደላ የአሰብ መስመር ሾፌር ነው፤ መድኃኒቱን እሱ ያመጣላታል። ሁለት መስመር ማለት ለእሷ ከብልቃጡ ሥር የሚቀር ነው አለች። ፍሪጅ ስለሌለኝም ከሱቋ ፍሪጅ ራሷ ይዛው ትመጣለች። አይሆንም ብላት አልሰማችኝም።

መጋቢት 1

ስሪንጁን በትንሿ ድስት ቀቀልኩት። ረሂማ የሊሊን የአንገት ቆዳ ቆንጥጣ እንደ ድንኳን አነሳችልኝ። ሁለት መስመር፣ ጠቅ። ሊሊ ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም፤ በወተት የፈተፈትኩላት እንጀራ ላይ ተደፍታ ነበር።

ከዚያ ረሂማ ቁጭ አለች። የቀበሌው ሊቀ መንበር ሚስት ዊጓን ገበያ መሀል ነፋስ እንደወሰደባት ነገረችኝ። ሰውየው ጓዶች ያዙልኝ እያለ ሲሮጥ… ጎኔን እስኪያመኝ ሳቅኩ። እዚያ ወንበር ላይ ለለቅሶ ካልሆነ ሰው የተቀመጠው መቼ ነበር?

መጋቢት 5

ሁዳዴ ገባ። የፍስኩን ድስት በአመድ አሽቼ ሰቀልኩ። የሊሊንም ሳህን። እናቴ ቤት ቅዳሴ ሳይወጣ ለውሻ እንኳ አይሰጥም ነበር።

ረሂማ በዚህ ሳምንት ዕቃ ይራገፍላታል፤ መድኃኒቱን በር ላይ ሰጥታኝ ትሮጣለች። እንደ ሁልጊዜው በአሥራ ሁለት ሰዓት ወጋኋትና ወደ ሚካኤል ሄድኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመልሼ ሽሮ ፈትፍቼ ሰጠኋት። ቀመስ አድርጋ ተወችው። ትለምደዋለች።

መጋቢት 7

መጻፉ ያሳፍረኛል። ግን ልጻፈው።

ከቅዳሴ ስመለስ በር ላይ አልተቀበለችኝም። አልጋ ሥር ነበረች… እግሮቿ ተበትነው፣ ዓይኗ ፈጦ፣ ሰውነቷ እየተንዘፈዘፈ። ብጠራት አታውቀኝም። ነጠላዬን ሳልይዝ ሮጥኩ። ረሂማ ሱቋን ክፍት ትታ ተከተለችኝ። አንዴ አየቻትና ስኳር ያምጡ አለች። ጣሳው ሥር የቀረችውን በውሃ አርሳ በጣቷ ድዷን አሸችላት። ነከሰቻት፤ አልተወችም። ዝም ብላ አሸች፣ አሸች። ቆይቶ ሊሊ ምላሷን አወጣች። ደግሞ ቆይቶ ቀና አለች።

«መቼ ነው የበላችው?» አለች ረሂማ።

«ከቅዳሴ መልስ ልሰጣት…»

«መርፌውስ?»

«ጠዋት፣ በሰዓቱ።»

«ድመት ታስጦሚያለሽ እትዬ?»

እስከ ዛሬ የነበረው አንቱታ እዚያው ቀረ። ከዚያ ቀስ ብላ ነገረችኝ። እሷንም አንድ ጊዜ እንዲህ አድርጓት ያውቃል። መጀመሪያ ከንፈር ይደነዝዛል። ከዚያ ሁሉም ነገር ይርቃል። መጣራት ትፈልጊያለሽ፣ ድምፅ የለም። ብቻዋን ነበረች፤ ደንበኛ ገብቶ ለስላሳ ባይግታት ኖሮ…

ልጹም ብዬ ልገድላት ነበር።

መጋቢት 8

ዶክተሩ ተቆጣኝ። ሳትበላ እንዳትወጋ። እንጀራውም ይቅር፣ ሥጋ ትብላ። በሁዳዴ ሥጋ ከየት ይመጣል? የእኛ ልኳንዳዎች እስከ ፋሲካ ተዘግተዋል። ረሂማ ከእኛ ልኳንዳ አመጣለሁ አለች። በሁዳዴ፣ የእስላም ሥጋ፣ እኔ ቤት?

ንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ፣ አባ ወልደ ሐዋርያት ጋ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ድመቲቱ ተጠምቃለች?»

«ኧረ አልተጠመቀችም አባቴ።»

«ታዲያ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?»

መጋቢት 20

ደንብ ወጥቶለታል። ረሂማ ሥጋውን በራሷ ቢላዋ ትከትፋለች፣ በረንዳ ላይ። እኔ አልነካም። ሊሊ ስትጨርስ እወጋለሁ። ከዚያ ሁለታችን እንቀመጣለን። ማታ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ሲጀምር አንድ ጋቢ ለሁለት እንለብሳለን። የምታወራው አያልቅባትም። አብደላ አሰብ ውስጥ ስላስቀመጣት ሴት የነገረችኝን ግን እዚህም አልጽፈውም።

ቀኑ ያው ረጅም ነው። አሁን ግን በሁለቱም ጫፉ ሰው አለ።

ሚያዝያ 30

ፋሲካ። አንድ ዶሮ ለአንድ ሰው ስንት ቀን ይበላል? ረሂማ ጠዋት መጥታ እንኳን አደረሰሽ አለችኝ። ድፎ ቆረስኩላት። ወጡን አላቀረብኩም፤ አልጠየቀችም።

ግንቦት 18

ሽንቷ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ፤ ስኳር የለበትም። ዶክተር ኤጀታ ደጋግሞ አፈላው። ወደ አንድ መስመር ከወረድን ሰንብተናል፤ አሁን እሱም ይብቃ አለ። አንዳንድ ድመት እንዲህ ይሻለዋል፣ ሥጋውን ብቻ አያቋርጡ። ጾሙም አልፏል፣ ሥጋውን አሁን ከእኛ ልኳንዳ እገዛለሁ።

ረሂማ ስትሰማ ሊሊን እቅፍ አደረገቻት። አልሐምዱሊላህ አለች፣ እኔም ተመስገን አልኩ። ብልቃጧን በሻሿ ጫፍ ቋጥራ ሄደች።

ጥሩ ቀን ነው። አይደል?

ግንቦት 19

አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። ሊሊ በር በሩን አየች። እኔም።

ሰኔ 1

ክብሪት ልገዛ ረሂማ ሱቅ ሄድኩ። ሰው ሞልቷል። ሊሊ ደህና ናት? ደህና ናት። እሰይ። ሌላ ምን ልበል? ቤቴ ክብሪት ሞልቷል። ያለ ጉዳይ እንዴት ይኬዳል? ምን ፈልገሽ ነው ብትለኝስ? ረመዳንም ሊገባ ነው፤ አሁንማ ጭራሽ ጊዜ የላትም።

ሰኔ 14

ዛሬ ሊሊ ውሃ ጠጣች። ብዙ ጠጣች። ልቤ ደስ አለው።

ጻፍኩት እንግዲህ። ደስ አለኝ። አገረሸባት፣ ረሂማ ልትመጣ ነው አልኩ በሆዴ። በዘንቢል ይዣት ዶክተሩ ጋ በረርኩ። ሰማያዊ። ለካ ጓዳ የሰቀልኩትን ቋንጣ ሰርቃ ነው፤ ጨዉ አስጠምቷት።

መንገድ ላይ አለቀስኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ወንበሬ ላይ ሰው እንዲቀመጥ ብዬ ለዚች ምስኪን ያንን በሽታ የምመኝላት…

ሐምሌ 4

በዝናብ ካራ ገበያ ድረስ ወጣሁ። የሐዋርያት ጾም ነገ ይፈታል። ጨረቃ ከታየች የነረሂማም ኢድ ነገ ነው። ሁለት ዶሮ ገዛሁ። አንዷን ከነነፍሷ ለረሂማ እወስዳለሁ፤ በራሷ ሥርዓት ታሳርዳለች። ሊሊ ዘንቢሉን ትዞራለች። ይሄ ምንድነው ብትለኝ ምን እላለሁ?

ሐምሌ 5

ጨረቃዋ ታየች። ገረሱ የእኔን አረደልኝ። ሌላዋን እግሯን አስሬ ወረድኩ። ረሂማ አዲስ ቀሚስ ለብሳ በር ላይ ቆማለች። ዶሮዋን አየች፣ እኔን አየች፣ ፊቷ ተለወጠ።

«ሊሊ ታመመች እንዴ?»

«አልታመመችም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ… በዓልሽ ነው። ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

ዶሮዋን ተቀብላኝ ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች። «እኔም እኮ ስንት ቀን ተነስቼ ተቀምጫለሁ» አለች። «መርፌው ከቀረ ምን ልሁን ብዬ ልምጣ፣ እያልኩ።»

ሁለት አሮጊት ሞኞች።

ስታበስይ ድስትሽን ይዘሽ ነይ አለችኝ። ከሰዓት ተሸክሜ ሄድኩ፤ ሊሊ ከኋላዬ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ዶሮ ወጥ፣ የእሷ በዚያ ጫፍ፣ የእኔ በዚህ ጫፍ። እኔ ከእኔ፣ እሷ ከእሷ። ሊሊ ብቻ፣ በርበሬው እየታጠበላት፣ ከሁለቱም በላች።

ስወጣ ዝናቡ አላቆመም። ረሂማ እስከ በር ሸኘችኝ።

«ነገም ነይ» አለች።

ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም።