ዘንዶውና ያላለቀው የአባባ ቃል

ለውድ እህቴ ለአቢጋኤል ሊሻን፣ ደርባን

አቢ፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ የወገብ ሕመም ተወሽ ወይስ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ መቆሙ አሁንም ያስቸግርሻል? ባለቤትሽ ተገኘስ ሥራው እንዴት ሆነለት? ልጆቹስ አደጉ? እኛ የጌታ ስም ይመስገንና ሁላችንም ደህና ነን። ባለቤቴ ሮዳስ ደህና ናት። ቤቱ ደህና ነው። አባባም ደህና ናቸው። ይህችን የመጨረሻዋን እንደ ሰላምታ ወግ አድርገሽ እንዳታልፊያት። በእርግጥም ደህና ስለሆኑ ነው የጻፍኩት፤ ደብዳቤውም ስለዚሁ ነው።

የአክስታችን ልጅ ሽብሩ በዚህ ሳምንት ወደናንተ ስለሚመለስ ሮዳስ ቡላ ቋጥራ ልካልሻለች፤ እኔ ደግሞ ይህን ወረቀት ጨመርኩበት። ነገሩ ረዘም ያለ ነው፤ ደግሞም ካልተጻፈ ነገ እኔም አላምነው።

እማዬ ካረፈች በኋላ አባባን ከሆመቾ አምጥተናቸው ከእኛ ጋር ሲኖሩ የሆኑትን ታውቂያለሽ። ያ በየሠርጉና በየእርሻ ድንበሩ ጸብ ሰው የሚጠራቸው ሽማግሌ ዝም አሉ። አንቺ ስትደውዪ "ደህና ነኝ" ብለው ስልኩን ለእኔ ይሰጡኝ ነበር። አንድ ቀን ለሮዳስ "አባባን ዝምታ እንዳይወስዳቸው" ብለሽ ማልቀስሽን ነግራኛለች። እኔም ከዚያ ሌላ ፍርሃት አልነበረኝም።

መስከረም ላይ ሐዋሳ ለሥልጠና ሄጄ ከአንድ አስተማሪ አንድ ጨዋታ ተማርኩ። ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው በታሪኩ ውስጥ ያለ አንድ ሰው ሆነው ይናገራሉ፣ ይወስናሉ። ነገሩ ይሳካ አይሳካ የሚያጠራጥር ሲሆን ሃያ ፊት ያለው፣ በየፊቱ ቁጥር የተጻፈበት ዳይስ ይጣላል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ይሳካል፣ ዝቅ ካለ ይከሽፋል። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኔ ተራኪ ሆኜ ከሮዳስና ከጎረቤታችን ከፈትሁዲን ጋር ጀመርነው። ፈትሁዲን ከቤታችን ፊት ለፊት ቆርቆሮና ምስማር የሚሸጠው ነው። ሮዳስ ቀስተኛ ሆነች፤ "ነርስ ነኝ፣ መውጋት ለምጃለሁ" አለች። ፈትሁዲንን ነጋዴ ሁን ስለው "ሳምንቱን ሙሉ ምስማር ስመዝን ውዬ እሁድም ነጋዴ ልሁን እንዴ?" ብሎ ሰይፍ ታጠቀ።

አባባ ከጥግ ሆነው ሲያዩን ቆዩና "ቁማር ነው?" ብለው ጠየቁ። አይደለም አልናቸው። "እንግዲያው ተረት ነዋ" ብለው ወንበራቸውን ሳቡ። ምን መሆን ይፈልጋሉ ስላቸው "ሽማግሌ" አሉ። "አባባ፣ እዚህ እኮ የፈለጉትን መሆን ይቻላል፤ ጀግና፣ ንጉሥ..." ብላቸው "የፈለግሁትን ነው የነገርኩህ" አሉኝ። የሰውዬውንም ስም ዳኘ አሉት።

አቢ፣ ያኔ ብታያቸው! በሥራ ቀን ዱላቸውን ይዘው ፈትሁዲን ሱቅ ድረስ እየሄዱ፣ ቆርቆሮ ገዢ ቆሞ እየጠበቀ፣ ባለፈው እሁድ ድልድዩን በዚያ በኩል መሻገር አልነበረብንም ብለው ይከራከሩታል። "አንተ ምስማር" ይሉታል፤ እሱም "ጋሼ፣ እርስዎን ብሰማ ኖሮ እስካሁን ከወንዙ ማዶ ስንሸመግል ነበር" ይላቸዋል። ማታ እራት ላይ ይስቃሉ። ለአንቺ በስልክ ያልነገርኩሽ እንዳይቀር ፈርቼ ነው፤ ደስታ ሲነገር በርሮ ይሄዳል ይባል የለ።

ፍርሃቴም ደረሰ። በታሪኩ ውስጥ አንድ ዘንዶ ከመንደር በላይ ባለው ምንጭ ላይ ተኝቶ ውሃውን ከለከለ። ፈትሁዲን "እንግደለው" አለ፤ ሮዳስ ቀስቷን ወጠረች። አባባ ግን እጃቸውን አንስተው "ቆዩ እስቲ፤ ዘንዶው ምን ሆኖ እንደተኛ የጠየቀው አለ?" አሉ። የጠየቀው አልነበረም፤ እኔ ተራኪውም አላሰብኩበትም። "እንግዲያው ዳኘ ሄዶ ያናግረዋል" ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። ሆመቾ ላይ ሽምግልና በሚቀመጡበት ዛፍ ሥር እንደሚቆሙት ቆመው ነው የተናገሩት። ዘንዶውን ስለ ቅርፊቱ ጥንካሬ አመሰገኑት፤ ምንጩን ከብት እንዳያደፈርሰው በመጠበቁ አመሰገኑት፤ ዘሩንም ባረኩለት። ከዚያ ዝም ብለው ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ያለቀ መሰለኝና "አባባ፣ ዳይሱን ይጣሉ" አልኳቸው።

ሁለት ወጣ። እንዲህ ዓይነት ቁጥር ሲወጣ ተራኪው ሊራራ አይችልም፤ ዘንዶው በጅራቱ ጠርጎ ዳኘን ገደል ከተተው አልኩ። ፈትሁዲን "ኧረ ጉድ፣ እያሞገሰው ሞተ!" ብሎ ሳቀ። አባባ ዳይሱን ቀስ አድርገው ጠረጴዛው መሐል አስቀመጡና "ደክሞኛል" ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

በማግሥቱ አልወጡም። በሌላውም ቀን እንዲሁ። ሮዳስ ምሳቸውን ከዳይሱ ጋር ይዛ ገብታ "አባባ፣ አንዴ ደግመው ይጣሉ፤ ያቺን ሁለት እኛ አላየናትም" አለቻቸው። "ልጄ፣ የተፈረደ ነገር ሰው ስለከፋው ይገለበጣል? ሕፃን ነኝ?" አሏት። እኔ ደግሞ ከእሷ ብሼ "ጨዋታ እኮ ነው" አልኳቸው። "ጨዋታ መሆኑን መች አጣሁት" ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያንን አዟዟር ታውቂዋለሽ፤ ከእማዬ ቀብር በኋላ አብረን ያየነው ነው። ቀጣዩ እሁድ ጠረጴዛ ሳይዘረጋ አለፈ።

ፈትሁዲን በሳቁ ተጸጽቶ "ሽማግሌ እንላክባቸው" አለ። እዚህ አገር ሰው ሲያኮርፍ ሌላ ምን ይደረጋል? ተስማማን። ስህተታችንም እዚህ ላይ ነበር። ሽማግሌ የሚላከው በዳይ ሲኖር ነው፤ እኛ ዕድሜያቸውን በሽምግልና ወደጨረሱ ሰው በዳይ ሳናዘጋጅ ሽማግሌ ላክን።

የመጡት ጋሽ ወንዳፈረው ናቸው፤ ከአንጋጫ፣ ከአባባ ጋር ስንቱን ያስታረቁት። ሳሎን ተቀመጥን፤ አባባም ከወዳጃቸው መቅረት ነውር ስለሆነባቸው ወጡ። ጋሽ ወንዳፈረው ጸለዩና "ተበዳዩ ሊሻን ነው። በዳዩስ ማነው?" አሉ። እርስ በርስ ተያየን። ፈትሁዲን ጨንቆት "ዘንዶው ነው" አለ። "ይቅረብ" አሉ። "ኧረ ጋሼ፣ ዘንዶው የለም፣ ተረት ነው።" "በተረቱ ውስጥ ስለ እሱ የሚናገረው ማነው?" ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። "አጵሎስ፣ ተነሥ" አሉኝ።

እህቴ ሆይ፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ፤ ተማሪዎቼ ያከብሩኛል። በገዛ ሳሎኔ ዘንዶ ሆኜ ተከስሼ ቆምኩ። ሮዳስ ወደ ማድ ቤት ሮጠች፤ ሳቋ ግን በር ዘግታም ይሰማ ነበር። ጋሽ ወንዳፈረው "አንተ ዘንዶ፣ እኒህን የሚያህሉ ሰው ገደል ስትከት አላፈርክም?" ብለው ሲጀምሩ አባባ ከወንበራቸው ቀና አሉ። "ወንዳፈረው፣ ምን ነካህ? መጀመሪያ ቃሉን ተቀበለው እንጂ! ሳትጠይቀው ልትፈርድበት ነው?" ከዚያች እሁድ ወዲህ ካፋቸው የወጣ ረጅሙ ንግግር ይህ ነበር።

"እንግዲያው ከአንተ እንጀምር፤ ምኑ ነው የከፋህ?" አሏቸው ጋሽ ወንዳፈረው።

አባባ እንዲህ አሉ። "መውደቄ አይደለም። ስንት ጊዜ ሽምግልና ሄጄ እምቢ ተብዬ ተመልሻለሁ፤ አንተው ምስክሬ ነህ። ምስጋናውን ጨርሼ ትንፋሽ ስወስድ ዳይሱን ጣል አሉኝ። ጉዳዩን ገና አልነካሁትም ነበር። ሳልጨርስ ነው የገደሉኝ።"

አቢ፣ አንቺም እኔም ዛፉ ሥር እየተጫወትን አድገን ይህን አናውቅም? ምስጋናው ይቀድማል። ከዚያ ሽማግሌው ቃሉ እንዲሰርግ ዝም ይላል። ጉዳዩ የሚነሣው ከዝምታው በኋላ ነው፤ በዚያች ዝምታ ውስጥ ማንም አይገባም። እኔ ከነዳይሴ ገባሁ።

ጋሽ ወንዳፈረው ፈረዱ። የወደቀው ወድቋል፤ ይህን አባባም ራሳቸው አጥብቀው ጠየቁ። የቀረው ቃል ግን ይሰማል፤ ዘንዶውም "ጨርሻለሁ" እስኪባል ድረስ ቆሞ ያዳምጣል። እኔም ቅጣቴን ተቀበልኩ።

ትናንት እሁድ ጠረጴዛው ተዘረጋ። ጋሽ ወንዳፈረውም ፍርዴን ሳላይ አንጋጫ አልመለስም ብለው ተቀመጡ። ዳኘ ገደሉ ሥር ነፍሱ ሳትወጣ ለጓደኞቹ ቀሪውን ቃል ተናዘዘ አልኩና ቆሜ ዝም አልኩ። አባባ ተነሡ። "ለዘንዶው እንዲህ በሉት" አሉ። "ከየት እንደመጣህ ሳንጠይቅ ጦር ሰብቀንብሃል፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ጓደኛው የሞተበት የሚተኛበትን አይመርጥም፤ ሌላው የሚጠጣው ውሃ ላይም ይተኛል። ተነሥና ሂድ አንልህም። ጥቂት ጠጋ በልልን። እኛም ውሃችንን እንቅዳ፣ አንተም ከእኛ ጋር ዋል።" ዝም አሉ። ዝምታው ሲረዝም እንኳ እጄ ወደ ዳይሱ አልሄደም። በመጨረሻ "ጨርሻለሁ" ብለው ተቀመጡ።

ቃሉን ለዘንዶው የማድረስ ተራ የፈትሁዲን ነበር። አንድም ሳይጎድልበት አደረሰው። "ቢስሚላህ" ብሎ ዳይሱን ጣለ። አራት።

ሁላችንም ወደ አባባ ዞርን። ሮዳስ እጄን ያዘች። አባባ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ዳይሱ ጎንበስ አሉ፤ አራት መሆኑን አረጋገጡ። ከዚያ ሳቃቸው ፈነዳ። ጠረጴዛውን እየመቱ፣ ዕንባቸውን እየጠረጉ "አሁን ነው በወጉ የተሸነፍነው!" አሉ። ጋሽ ወንዳፈረውም እየሳቁ ከወንበራቸው ሊወድቁ ነበር። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ድምፁን ሰምቶ ምን ደረሰ ብሎ መጣ። አባባ በዚያ ቀን ክትፎ በቆጮ ሁለት ጊዜ አስጨመሩ።

ሳቁ ሲበርድ ሥራ ጀመሩ። "ሁለት ጊዜ ሄደን ሁለት ጊዜ ተመለስን። ለሦስተኛው ዘንዶው የማያውቀው ሽማግሌ ከሩቅ ይመጣል" አሉ። ጋሽ ወንዳፈረው ከዱራሜ አንድ ሰው አውቃለሁ አሉ። "ምን ዱራሜ! ሩቅ አልኩህ እኮ። ደርባን ያለችውን ልጄን ጥሩልኝ።" ፈትሁዲን "ጋሼ፣ ሴት ሽማግሌ አለ እንዴ?" ብሎ ቢጠይቃቸው "ዳኘ ገደል የገባው ወንድ ሆኖ ነው፤ ምን ጠቀመው?" አሉት።

ስለዚህ አቢ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ በቪዲዮ ደውዪ። ስልኩን ከአባባ ጎን እናቆመዋለን። በጨዋታው ለምትሆኚው ሰው ስም አስቢበት፤ አባባ ግን ራሳቸው ሊያወጡልሽ ሳይቋምጡ አልቀሩም። ስትናገሪ ምስጋናውን አታሳጥሪ፤ ከዚያ የፈለግሽውን ያህል ዝም በይ። ኔትወርኩ የተቆረጠ ቢመስለንም ማናችንም ዳይስ አንነካም፤ አባባ አጠገብሽ ተቀምጠው ይጠብቁሻል።

ለተገኘ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ለእሱም ሰይፍ አናጣለትም። ሆሴዕን ሳሚልኝ፤ አያቱ የሂሳብ ነጥቡን ሰምተው ኮርተውበታል። ትንሿን ጵርስቅላን ጉንጯን ሳሚልኝ። ሮዳስ ቡላውን በብዙ ቅቤ አገንፍተሽ ብዪ ብላለች። ፈትሁዲን ሰላም ብሎሻል። ጋሽ ወንዳፈረው መርቀውሻል። አባባ ደግሞ "ደህና ነኝ በላት" ብለው ጀምረው ተዉትና "ተወው፣ እኔው እነግራታለሁ" አሉኝ።

ወንድምሽ አጵሎስ ሊሻን
ሆሳዕና፣ ጥር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.