ዝምድናሽን ቅጽ ላይ ጠየቁኝ

ዘይነብዬ፣

እንዴት አለሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ መልሱን ከየት አገኘዋለሁ ብዬ ተውኩት። ከተለየሽኝ ዛሬ ሦስት ሳምንት ሆነ። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ እንዳቆምኩ ታውቂያለሽ፤ ይህን ወረቀት ከያዝኩ ሁለተኛ ቀኔ ነው። ዝም ብዬ ልቀመጥ ግን አልቻልኩም። ተናድጃለሁ።

ክሊኒኩ በአንቺ ቦታ ሰው አልቀጠረም። አንሶላ ለብቻ እንደማይታጠፍ ማን ይንገራቸው? አንዱን ጫፍ ከምሰሶው ጋር አስሬ፣ ሌላውን ይዤ አጥፋለሁ። ምሰሶው እንደ አንቺ ወደ እኔ አይመጣም፤ ሁልጊዜ ሄጄ የምገጥመው እኔ ነኝ።

ምሳዬን አሁንም ያው የልብስ ማጠቢያው ደረጃ ላይ እበላለሁ። የአንቺ ሥጋ ለእኔ አይሆን፣ የእኔም ለአንቺ አይሆን፤ ከአንድ ሳህን ለመብላት ብለን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምሳ ዕቃችን ውስጥ ሥጋ አስገብተን አናውቅም። በፋሲካ ማግስት ሽሮ ይዤ ስመጣ ዘበኛው «ምነው የሺ፣ ዶሮው አመለጠሽ እንዴ?» እያለ ሲስቅብኝ፣ «ዶሮውማ ቤት ተቀምጦ ይጠብቃታል፣ እኔን ፈርታ ነው» ትይው ነበር። አሁን ዘበኛውም አይቀልድም።

ልጄ ሰብለ የሞተች ጊዜ ለእኔ የተሰጠኝ ፈቃድ ሦስት ቀን ነበር። አንቺ አስተዳዳሪው ፊት ቆመሽ «የእሷን እኔ አጥባለሁ፣ አትጥሯት» አልሽው። አርባዋ እስኪወጣ የሁለት ሰው አንሶላ ለብቻሽ አጠብሽ። ማታ ማታ ልታጽናኚኝ ስትመጪ በረኪናው እጅሽን ልጦት አይ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ሐዘኔን እንዳይቀሰቅስ የልጄን ስም መጥራት ተወ። አንቺ ብቻ «የሰብለ እናት» ማለቱን አልተውሽም። ልጅ የወለድኩ መሆኔን የሚያስታውሰኝ ያ ጥሪሽ ነበር።

ታመሽ እናትሽ ቤት ሄደሽ ያረፍሽ ዕለት ወንድምሽ ከሞጣ በጠዋት ደወለልኝ። «ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ እንቀብራታለን» አለኝ። ሮጬ አስተዳዳሪው ዘንድ ገባሁ።

«ምንሽ ናት?» አለኝ። አብረን ስንሠራ ዓመታት ያየን ሰው ነው እንዲህ ብሎ የሚጠይቀኝ!

«ጓደኛዬ» አልኩት። ቅጹን አገላበጠና «ለጓደኛ የሐዘን ፈቃድ የለም። የዛሬውን አጥበሽ ጨርሺና ሂጂ። ቀብር ሰው ሳይሰበሰብ አይሆንም፣ ትደርሻለሽ» አለኝ።

ጸሐፊዋ ደግ ልጅ ናት፤ «እህቴ ብለሽ ሙይው፣ ማን ያጣራል?» ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ። እምቢ አልኩ። እህትማ አለችኝ፤ ለልጄ ለቅሶ መጥታ በሦስተኛው ቀን ተነሥታ ወደ ቤቷ ሄዳለች። አንቺን በእሷ ስም ልጠራሽ አልፈለግሁም።

አጥቤ ጨረስኩ፣ አሰጣሁ። የሚያናድደኝ እሱ ብቻ እንዳይመስልሽ። የእናንተ ቀብር እንደማይቆይ ከእሱ ይልቅ አውቅ ነበር፤ እያወቅሁ ታዘዝኩ። መንገድ ላይ ጉንደ ወይን መኪናው ሰው እስኪሞላ ሲቆም ሾፌሩ ላይ ስጮህ ሰዉ ያበድኩ መሰለው። ሞጣ ስደርስ አፈሩ እንደረጠበ አገኘሁት። እናትሽ እጄን ይዘው «ልጄ፣ መንገዱን እያየን ጠበቅንሽ፤ ከዚህ በላይ ማቆየት ለእሷ አይሆንም» አሉኝ። እሳቸው እኔን ይቅርታ ሲጠይቁ መሬቱ ለምን እንዳልዋጠኝ አላውቅም።

ሦስት ቀን ከእሳቸው ጋር ተቀመጥኩ። ስመለስ ማስጠንቀቂያ ጠበቀኝ። «ያለ ፈቃድ ሦስት ቀን በመቅረቴ ጥፋተኛ መሆኔን አምናለሁ» ይላል። ፈርሚ ተባልኩ፤ እስካሁን አልፈረምኩም፣ እስከ ነገ ካልፈረምኩ ስንብት ነው። ምኑን ነው የማምነው? ጥፋቴስ ያን ዕለት ጠዋት አንሶላ ማጠቤ ነው፤ እሱን ከሆነ እፈርማለሁ።

ዛሬ ያን የፈቃድ ቅጽ ከጸሐፊዋ ለምኜ ወሰድኩ። «ዝምድና» ከሚለው ፊት ያለችው መስመር የጣቴን ያህል ናት። አልበቃችኝም፤ ገልብጬ በጀርባው ጻፍኩ፦ «ልጄ ስትሞት አርባ ቀን አንሶላዬን አጠበችልኝ። እኔ የተቀመጥኩላት ሦስት ቀን ነው። ሠላሳ ሰባት ቀን ይቀረኛል።»

ማስጠንቀቂያውን ሳልፈርም፣ ይህን ፈርሜ ነገ በጠዋት ጠረጴዛው ላይ አኖርለታለሁ። ቢያባርረኝ ያባርረኝ። የትም ሥራ ብገባ፣ ምሳ ዕቃዬ ውስጥ ሥጋ አይገባም። አብሮኝ የሚበላ ሰው ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ ዘይነብ የምትባል ሴት ነበረች ብዬ ከመጀመሪያው እነግረዋለሁ።

አንቺ በጠራሽኝ ስም፣

የሰብለ እናት
ቢቸና