የዋንዛዋ መርከብ ውኃ ነካች

ላሊበላ፣ እሑድ፣ የካቲት 6 ቀን 1975 ዓ.ም.

በባሕር ኃይል ሳለሁ ያገለገልኩባትን መርከብ፣ መድፏንም መስኮቷንም ልክ እንደነበረ አድርጌ ከዋንዛ ስቀርጽ ከርሜ ዛሬ ጨረስኳት። ሳፋ ውስጥ ሳስቀምጣት ወደ ግራ ተጋደመችና ደነገጥኩ። ሆዷ ውስጥ ምስማር ጨምሬ ስመልሳት ግን ቀጥ ብላ ተንሳፈፈች!

ባሕር አይታ የማታውቀው እናቴ ጎንበስ ብላ አየቻት።

«የት ነበር የምትተኛው?»

ከጭስ ማውጫው በታች ያለችውን መስኮት አሳየኋት።

«ማዕበል ሲመጣስ?»

«እስቲ አንቺው አምጪው፣ እማ።»

ውኃውን በእጇ አናወጠችው። መርከቧ ተንገዳግዳ ተመልሳ ተቃናች። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤቶች ልጅ የተወለደ መስሏቸው እየሮጡ መጡ።

«ምን ተገኘ?» አሏት።

«ልጄ ከባሕር በደኅና ገባልኝ!» አለቻቸው።

እኔ ከተመለስኩ እኮ ሁለት ዓመት አለፈኝ።