ሰባተኛውን ስኬል አላልፍም ያሉት የጋሽ ክላርኔት የሕይወት ታሪክ

ከልጅ እስከ አዋቂ «ጋሽ ክላርኔት» እያለ የሚጠራቸው ወንድማችን፣ ከሰዓት ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከሰዓት ቤቱ በስተጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ተወለዱ። ለቤቱ የበኩር ልጅ ናቸው። ግትርነታቸውን ከማን እንደወረሱ ሁለቱ ወላጆች እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲካሰሱ ኖረዋል።

በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ሲማሩ በሒሳብ የሚደርስባቸው አልነበረም። አባታቸው መሐንዲስ ይሆኑልኛል ብለው ሲጠብቁ፣ እሳቸው ክላርኔት ይዘው ከች አሉ። በሃያ ዓመታቸው ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገቡ። ጣጣው የጀመረው እዚያ ነው።

መምህሩ ሰባት ስኬሎች፣ ማለትም የድምፅ መሰላሎች፣ ሰሌዳው ላይ ጽፈው ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ፣ «ይሄ ሎክሪያን ይባላል። ለመጽሐፍ እንጂ ለጆሮ አይሆንም፤ እለፉት» አሉ። ተማሪው ሁሉ አለፈው። ወንድማችን እዚያው ቀሩ።

ነገሩን ቧንቧ ሊጠግን ለመጣ ሰው ሳይቀር ያስረዱ ስለነበር ቤተሰቡ በቃሉ ያውቀዋል። በፒያኖ ነጮቹን ቁልፎች ብቻ እየነኩ ከዶ፣ ሬ፣ ሚ ሰባተኛው ድምፅ ከ«ሲ» ተነስቶ እስከ ላይኛው «ሲ» መሄድ ነው። በሌሎቹ ስኬሎች መነሻውን ድምፅ ደግፎ የሚያቆመው አምስተኛው ድምፅ፣ እዚህ ዝቅ ብሎ ከመነሻው ጋር ይጣላል። ስለዚህ ዜማው ቤቱ ገብቶም የገባ አይመስልም።

በሠላሳ ዓመታቸው ነርስ ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። ባለቤታቸው ሌሊት ሠርተው ቀን ልተኛ ሲሉ ክላርኔቱ ከጓዳ ይጮሃል። «ሰውዬ፣ ወይ ግባ ወይ ውጣ! ደጃፍ ላይ ምን ይገትርሃል?» ይሏቸው ነበር፤ ዜማውን ማለታቸው ነው።

ሲለማመዱ ጆሯቸው እያታለለ ወደለመደው ወደ ዶ ይጎትታቸው ነበር። መድኃኒቱን ያገኙት ከአሮጌው ፍሪጅ ነው። ሞተሩ ሲያጉረመርም ልክ የ«ሲ»ን ድምፅ ይሰጣል። ያ ድምፅ ከሥር ሳይቋረጥ ሲጮህላቸው፣ መነሻው ሲ መሆኑን ጆሯቸው ተቀበለ። ፍሪጁ ማቀዝቀዝ ካቆመ በኋላም «አስተማሪዬን አላስወጣም» አሉ። ወተት ተበላሸ፣ ቤተሰብ ተቆጣ፤ እሳቸው ፍሪጁን ተደግፈው ይነፉ ነበር።

በከተማው ባንድ ለዓመታት ሲያገለግሉ ቆይተው፣ አዲሱ የአውቶቡስ መናኸሪያ በተመረቀ ዕለት ለብቻቸው እንዲነፉ በተሰጣቸው ተራ ሎክሪያንን ነፉ። ባለሥልጣኑ ዜማው ሲያልቅ ሪባኑን ሊቆርጡ መቀሱን ከፍተው ቢጠብቁ፣ አላልቅ አለ። የባንዱ አለቃ «ጨርስ እንጂ!» ቢሏቸው «ጨርሻለሁ» አሏቸው። ከሥራ ተሰናበቱ፤ ቤቱም በባለቤታቸው ትከሻ ላይ ወደቀ። ዘመድ ተሰብስቦ ቢለምናቸው፣ ቢቆጣቸው፣ ታናሽ እህታቸውም ክላርኔቱን ሶፋ ሥር ብትደብቅባቸው፣ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ።

ኋላ ያው ሙዚቃ ትምህርት ቤት በመምህርነት ቀጠራቸው። በስልሳ ዓመታቸውም በዚያ ስኬል አንድ ሙሉ ሥራ ደርሰው በአዳራሹ አቀረቡ። ነፍተው ጨረሱ። ክላርኔቱን ከአፋቸው አወረዱ። የሚያጨበጭብ ሰው ጠፋ፤ ማለቁን ማን ይወቅ! እህታቸው በእፍረት አንገቷን ደፋች። ይሄን ጊዜ ባለቤታቸው ከፊት ረድፍ ብቻቸውን ተነሥተው፣ «አለቀ እኮ! ምን ትጠብቃላችሁ?» ብለው ማጨብጨብ ጀመሩ። አዳራሹ ተከተላቸው። ወንድማችን ሲያለቅሱ ያየናቸው ያን ዕለት ብቻ ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው እህታቸው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዜማው እስካሁን አልገባትም።

ሳንባቸው ታሞ መንፋት ሲያቅታቸው ሐኪም ያዘዘላቸውን ዕረፍት እንቢ ብለው፣ አልጋ ላይ ሆነው ተማሪዎቻቸውን ያርሙ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ እህታቸውንና ምክር እንደማይሰሙ ካሁኑ ያስታወቁ ሁለት የልጅ ልጆችን ትተውልናል።

ለሁላችንም መጽናናትን ይስጠን። የእሳቸውንም ነፍስ ፈጣሪ፣ ቢያጉረመርሙም እንኳ፣ ያሳርፍልን።